የእህቴ ልጅ

"የእህቴ ልጅ ናት። ትምህርት ስለተዘጋ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የምትቀመጠው" አለች እድላዊት፣ ከአከራይዋ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ።

እማማ ጫልቱ ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም። ቡልቡላ የእርሻ መንደር ከነበረበት ጊዜ ጀምረው የኖሩበትን ግቢ በአምስት ሰርቪስ ቤት ሞልተውታል፤ ውሃውም መጸዳጃውም አንድ ስለሆነ ልጅ ላለው ሰው አያከራዩም። ክፉ ሆነው አይደለም። እድላዊት ታማ የተኛች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አጥሚት ያመላለሱላት እሳቸው ናቸው።

"የእህትሽ ከሆነች ትምጣ። እኔ የምፈራው እናትየዋ ተከትላ እንዳትመጣ ነው" አሉ።

እድላዊት እህት የላትም። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ቤት ስትፈልግ ስድስት ግቢ ገብታ እውነቱን ተናግራ፣ ስድስቱም ጋ አይሆንም ተብላለች። ሰባተኛው የእማማ ጫልቱ ነበር። ልጅ አለሽ ወይ ሲሏት የለኝም አለች። ከገባሁ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር፤ አልነገረችም። አሁን ስምንት ዓመት የሞላት ልጇ ማራናታ ሆሳዕና ከተማ አያቷ ጋ ቀረች።

ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከምታጸዳው የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ ቆማ ደወለችላት። ውሸት ኃጢአት ነው ብላ ያስተማረቻት ራሷ ናትና አፈረች።

"ማሩዬ፣ እዚህ ስትመጪ አክስቴ ነው የምትዪኝ። እሺ?"

ልጅቷ ጠየቀች። "ማታ ስንተኛስ?"

"ስንተኛ በጆሮዬ እማዬ ትዪኛለሽ።"

"በጣም ቀስ ብዬ?"

"በጣም ቀስ ብለሽ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ከሆሳዕና አትክልት የሚያመላልስ የአያቷ ጎረቤት ልጅቷን ወሎ ሰፈር አውርዷት ሄደ። እድላዊት ካየቻት ዓመት አልፏል፤ ያኔ የገዛችላት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። ታክሲ የሚጠብቀውን ሰው እየገፋች ሮጠች። ማራናታ ግን አልሮጠችም። ፌስታሏን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻትና እጇን ለሰላምታ ዘረጋች።

"ደህና ነሽ፣ አክስቴ?"

እድላዊት አቅፋ አንገቷ ሥር ሳመቻት። እንባዋ መጣ። የሚያውቃቸው ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ ግቢውም ገና ሩቅ ነው። እዚህ እንኳን እማዬ በይኝ ልትላት አፏን ከፈተች። ግን እዚህ እማዬ ካለች ግቢው ውስጥም ያመልጣታል።

"ጎበዝ" አለቻትና ፌስታሉን ተቀበለቻት።