የቀይ ሥር ጾም

ባሌ ዓምሃ ደም ባሳለ ዕለት መንደሩ ከሐኪም በፊት ፈረደበት። «ሳንባ ነቀርሳ ነው!» ጤና ጣቢያውም ያንኑ ብሎ መርፌ ጀመረለት። እኔ አራስ ነበርኩ። እሱ ማንም ሳያዘው ኩባያውን ለየ፣ ፍራሹን ጓዳ አስገባ፣ የተወለደችልንን ልጅ በር ላይ ቆሞ ብቻ ያያት ጀመር። የጎሚስታ ሥራውን ሲያቆም ያላለቀሰ ሰው፣ ልጅቷ ስትነጫነጭ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ። በቀበሌው ሊቀ መንበር መሰለኝ፤ ዓምሃ ደም እያሳለም ከስብሰባ መቅረት አይፈቀድለት፣ ሲሄድ ደግሞ ጥግ ላይ ለብቻው ያስቀምጠዋል።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። እህቱ ደሳለች በየቀኑ ድንችና ቀይ ሥር ቀቅላ ታመጣለታለች፤ «ቀይ ሥር ደም ይተካል» እያለች። ሽንቱ ቢቀላበት ለእሷ ነገራት።

«ቀይ ሥር የበላ ሁሉ ይቀላበታል፣ አንተ ደግሞ!» ብላ ሳቀችበት። እኔም ሰምቼ ሳቅሁ። ጉለሌ ውስጥ በጾም ሽንቱ ቀልቶበት የማያውቅ ማን አለ?

ፋሲካ መጣ። ደሳለች ፊቷን ወደ ዶሮ ወጥ አዞረች፣ ቀይ ሥርም ከቤታችን ጠፋ። ዓምሃ ግን ወጡን አልነካም፤ ፊቱ አብጧል፣ መርፌውም ምንም አልፈየደለትም። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ፖፖውን ልደፋ ሳነሣ፣ ውስጡ ጥቁር ሻይ መስሏል።

«ዓምሃ፣ ቀይ ሥር ከየት አግኝተህ በላህ?»

«ከጾሙ ወዲህ የት አይቼው?»

«ተነሥ በቃ!»

አራስ ከቤት አትወጣም ያሉኝን ሁሉ ገላምጬ፣ ልጄን ታቅፌ ትልቁ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ዶክተር ስብሐት የሚባሉ ሽማግሌ ሐኪም የቀይ ሥሩን ነገር ስነግራቸው አልሳቁም። ደሙንም ሽንቱንም አስመረመሩ፣ አስተኙት፣ ከቀናት በኋላ አስጠሩን።

«ነቀርሳ አይደለም» አሉት። «ብዙ የማይታይ በሽታ ነው። የሰውነትህ ዘበኛ ጠላት መስሎት የራስህን ሳንባና ኩላሊት እየመታ ነው።» በዚያ ዘመን ዘበኛ የራሱን ሰው ይመታል ተብሎ ጮክ ብሎ አይወራምና በሩን ገርመም አደረጉ። «በመድኃኒት እናስታግሠዋለን። በጊዜ መጥታችኋል፣ ኩላሊትህ ይተርፋል።»

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ዓምሃ ቀደመኝ።

«ዶክተር፣ ይጋባል?»

«በጭራሽ።»

«ልጄን ልቀፋት?»

«እስካሁን አላቀፍካትም እንዴ?»

ልጅቷን እቅፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት። እንቁላል የያዘ ያህል ተጠንቅቆ ያዛት፣ አንገቷን አሸተታት። እሷም ምን አለባት፣ ሽንቷን ለቀቀችበት! እርጥብ እጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በብርሃን አየው።

«የሷ ጥርት ያለ ነው» አለ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ለክርስትናዋ የሱም ሽንት ጠርቶ ደረሰ። ያቺን ለብቻዋ የኖረች ኩባያ ከጓዳ አወጣሁ። ዓምሃ ጠላ ቀዳባት፣ ጎንጨት አለና ሰጠኝ። የተረፈውን እኔ ለድግሱ በመጣው ሊቀ መንበር ፊት ጨለጥኩት።