የግርዶሹ ቀን ካርቶን ያዥ

ቦንጋ ውስጥ ሰማይን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቲቸር አምባው ራሳቸው የሳተርን ጨረቃ ስም ሲጠፋባቸው ዞረው የሚያዩት እኔን ነው። የከተማችን የሥነ ፈለክ ክበብ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ውስጥ መሰብሰብ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ሃሌሉያ ነኝ። ቴሌስኮፑ ከሣጥኑ ሲወጣ አቧራውን የጠረግኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ በ2002 ጥር ላይ ፀሐይ ልትጋረድ ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ሜዳችን ላይ ሲጠራ፣ ለሕዝቡ እንድታስረዳ ማን ተመረጠች? ሠናይት።

ሠናይት የመጣችው መስከረም ላይ ነው፤ አባቷ ወደ ዞኑ ቢሮ ተዛውሮ። አማርኛዋ እንደ ሬዲዮ ነው። እኔ አማርኛ ስናገር አፌን የፈታሁበት ካፊኖኖ ከኋላ ቀሚሴን ይጎትተኛል፤ እሷ ግን "በመሆኑም" ትላለች። በመሆኑም ባለች ቁጥር ቲቸር ፈገግ ይላሉ። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ብለው አያውቁም።

"ቲቸር፣ እኔስ?" አልኳቸው።

"አንቺ ካርቶኑን ትይዣለሽ።"

"ካርቶን?"

"ነጩን ካርቶን። ቴሌስኮፑ የፀሐይን ምስል የሚጥለው እሱ ላይ ነው። ካርቶን ከሌለ ግርዶሽ የለም፣ ሃሌሉያ።"

ሊያባብሉኝ ነው። ያን ቀን ጥሩ አድርጋ ያስረዳች የክበቡ ሰብሳቢ እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን። ካርቶን ይዞ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ደግሞ አልተሰማም።

ዓርብ ጠዋት፣ ሌላ ቀን እስከ ረፋድ የማይለቀን ጭጋግ ለሠናይት ሲል ቶሎ ተነሣ። መምህራኑ፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከማንኪራ መንደር ማር ይዘው የወረዱ ሰዎች ሜዳውን ሞሉት። ጎረቤታችን እትዬ ዙፋን ፀሐይዋን ሊያዩበት የጉልበታቸውን ራጅ ይዘው መጡ።

"ይሄ ዓይን አያድንም፣ እትዬ። ካርቶኑ ላይ ብቻ ይመልከቱ" አሏቸው ቲቸር። እትዬ ዙፋን ቅር እያላቸው ራጁን ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

ሠናይት ጀመረች። "በመሆኑም ጨረቃ በመሬትና በፀሐይ መካከል ስታልፍ…" እኔ በያዝኩት ካርቶን ላይ ፀሐይዋ ከጫፏ ተገምጣ ታየች። ሰዉ አጨበጨበ። ለማን? ለሠናይት። ፀሐይዋን እሷ የገመጠቻት ይመስል።

የማንኪራዎቹ ግን "ምን አለች?" ይባባላሉ፣ በካፊኖኖ። ያ ሬዲዮ አማርኛ አልገባቸውም። ይሄን ሠናይት አትችለውም። ካርቶኑን ወንበር ላይ አስደገፍኩና ፊት ለፊቱ ቆሜ በካፊኖኖ ለቀቅኩት። አንዱን እጄን ጨረቃ፣ ሌላውን ፀሐይ አድርጌ አሳየኋቸው። ሠናይት አፏን ከፍታ ቀረች፤ አይ ደስ ሲል።

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ከፊት ያሉት አንገታቸውን አስግገው ይመለከቱኛል፤ እትዬ ዙፋን እንዲያውም ዓይናቸውን አጥብበው ቀረብ አሉ። በዕድሜዬ እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም።

"ሃሌሉያ" አሉ ቲቸር ከቴሌስኮፑ ኋላ። አድንቀውኝ ነው ብዬ ድምፄን ጨመርኩ።

"ሃሌሉያ፣ ካርቶኑ" አሉ ደግመው።

አሁን ካርቶን ማን ያስታውሳል? ብቻ የሰዉ ዓይን ፊቴ ላይ አለመሆኑ ገረመኝና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰማያዊው የዩኒፎርም ሹራቤ ላይ ማጭድ የመሰለች ደብዛዛ ብርሃን ተለጥፋለች። ፀሐይዋ እኔ ላይ ናት። ግርዶሹ ከሁሉ በሚያምርበት ሰዓት ካርቶኑ ከኋላዬ ባዶውን ቆሟል፤ ሠናይት ደግሞ በእጇ አፏን ይዛ ትስቃለች።

እሷ እየሳቀችማ ዝም አልልም። "ጨረቃ ቀስ ብላ ነው የምታልፈው፤ ታገሡ" አልኳቸው፣ ማብራሪያዬ እንዳልተቋረጠ ሁሉ።

"እሷስ ታልፋለች" አሉኝ እትዬ ዙፋን። "አንቺ መቼ ነው ዞር የምትዪልን?"