ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥም

ጠጋኙ የአሮጌውን ኮምፒውተር ክዳን ፈትቶ ወደ ጎን ሲያደርገው መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። በረሮዎቹ ከሽታው ቀጥለው ወጡ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ደግ፤ አያት ከነልጅ ልጁ ነው ግልብጥ ብሎ የወጣው። በማራገቢያው ዙሪያ የኦቾሎኒ ገለፈት ተጠቅጥቋል፣ ከሥሩ ፀጉር፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ በቅባት የራሰ አቧራ፣ ከዚያ ሁሉ በታች ደግሞ፣ አበስኩ ገበርኩ፣ የተቆረጠ የእግር ጥፍር።

የኮምፒውተሩ ባለቤት አራሚዋ ቋቅ አላት። እጇን አፏ ላይ ጭና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“እናቴ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር አይደለም፣ ጓዳ ነው” አላት ጠጋኙ። “ዲስኩን አወጣልዎታለሁ፣ የቀረውን ይጣሉት። አሁን ትንንሾቹ መጥተዋል፣ ከነሱ አንዱን ይግዙ።”

ልብ በሉ፣ ይቺ ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ለአሳታሚዎች መጽሐፍ የምታርም ናት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ዝንፍ ካለች እንቅልፍ አይወስዳትም። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ከበረሮ መራቢያ አጠገብ ቁጭ ብላ ስትሠራ የኖረችው። የማን ጥፍር ነው ብላ አልጠየቀችም። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና ባሏ ብቻ ናቸው፣ የሷ ደግሞ አይደለም።

ባሏን ሰው ሁሉ “ባለማይኩ” ነው የሚለው። አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የትኛው መኪና በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚናገረው እሱ ነው። ድምፁ ለጉድ ነው! አራሚዋ በልጅነቷ ከጣቢያው ጀርባ እህቷ ቤት ስትኖር መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው፤ እንዲያውም አንድ ቀን ያንን ድምፅ ደግማ ልትሰማ ብላ የምትሳፈርበት አውቶቡስ ጥሏት ሄዷል። ድምፁን አገባች፣ አፉ አብሮ መጣ።

አፉስ? ኤጭ! ሲያኝክ አይከድነውም። ሲያስለው አይሸፍነውም። ጥርሱን የሚጎረጉረው ባገኘው ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ለእርማት በመጣላት ወረቀት ጠርዝ ሲጎረጉር ይዛዋለች። ከፊት ያሉት አራቱ ጥርሶቹ ተነቃይ ናቸው። ከበላ በኋላ ነቅሎ ይልሳቸውና እግር በጣለው ቦታ ያስቀምጣቸዋል፤ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ፣ ጨው ዕቃው ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ የሻይ ብርጭቆዋ ውስጥ። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ይገላግላት ነበር። ግን ክፉ አይደለም፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ ሁሌም ለሷ ነው የሚተውላት፣ በላሰው ሹካ።

“አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ” ትላታለች ያቺው ታላቅ እህቷ ባማረረች ቁጥር። “ባል ነው እንጂ ሳህን ነው እንዴ፣ በየቀኑ የሚታጠበው?”

ያን ቀን ማታ አራሚዋ ራት ላይ ቁርጡን ተናገረች። “አዲሱን የምመርጠው እኔ ነኝ። የሥራ ዕቃዬ ነው። እጅህ አይነካውም።”

“እሺ የኔ እመቤት፣ እኔ ምን አልኩ?” አለ ባለማይኩ አፉ ሞልቶ። “አብሬሽ ልሂድና ዓይኔን ብቻ ጣል ላድርግበት።”

ዓይኑን ብቻ! ሱቅ ገብተው ወንበር እንኳ ሳይዙ አውራ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ የዋጋ መጽሔቱን ይገልጥ ጀመር። በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሚኒ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እያነሳ ገለባበጣቸው። ሻጩ፣ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት፣ ከኋላው እየተከተለ በሶፍት ያብሳል። አራሚዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

“ይሄኛው ራሙ ትልቅ ነው፣ ያኛው ፍጥነቱ ለብቻው ነው” አለ ሻጩ። “ለምንድነው የሚፈልጉት?”

“ለዕለት ሥራ። ጽሑፍ አርማለሁ፣ ኢሜይል እልካለሁ፣ በቃ። ቀዳዳ የሌለው አለ?”

“ቀዳዳ?”

“ምንም ነገር የማይገባበት። ፍርፋሪ የለ፣ በረሮ የለ፣ ምንም!”

ሻጩ ባለማይኩን ሰረቅ አድርጎ አየና ገባው። ከመደርደሪያው ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ብረት አወረደ። “ይሄ ማራገቢያ የለውም። ድምፅም አያሰማ፣ አቧራም አይስብ። ከባድ ጌምና የፊልም ሥራ አይችልም፣ ለርስዎ ሥራ ግን ይተርፋል። ሙቀቱን የሚያስወጣው በገላው ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥም። ከታፈነ ይግልና ይጠፋል።”

“ይሄማ ጡብ ነው!” አለ ባለማይኩ። “ያኛው ይሻላል፣ መብራት አለው።”

አራሚዋ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁሩን ብረት ከነአዳፕተሩ ከተተችው። ልክክ አለ።

“ኮምፒውተር ነው ሽንኩርት የምትገዢው?” ብሎ ሳቀ።

“ስማኝ፣ እሱም ይስማ” አለች ወደ ሻጩ እየጠቆመች። “ላዩ ላይ አንድ ነገር ባገኝ፣ እንዲሁ አድርጌ ይዤው እህቴ ቤት ነው የምሄደው። የምመለስ እንዳይመስልህ።”

“እናቴ ትሙት አላስቀምጥም!” አለ ባለማይኩ ደረቱን እየመታ። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ገነት ነበር። ጠረጴዛዋን በአልኮል ወለወለች። ማሽኑ ጭጭ ብሎ ይሠራል። ማንም ያልነካው ኪቦርድ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ደስ ብሏት እንባዋ ይመጣል። ባለማይኩ ከሩቅ ቆሞ ያያል፣ አንዳንዴም ጠጋ ብሎ መዳፉን ከላዩ ከፍ አድርጎ ይዘረጋል።

“ትሞቃለች አይደል?” አላት አንድ ቀን። ብርዱ ጠንክሮ ነበር። “እጅህን!” አለችው። ሰበሰበ።

አመል ያወጣል ከመሃል አሉ። አንድ ምሽት ጠጋኙ ካወጣላት አሮጌ ዲስክ ፋይሎቿን እየገለበጠች ስለነበር ማሽኑን ሳታጠፋው ተኛች። ጠዋት ስትነሳ ስክሪኑ ጨልሟል። ማሽኑ ጠፍቷል። ላዩ ላይ ደግሞ የባለማይኩ መሀረብ፣ እጥፍጥፍ ብሎ፣ ቡኒ እድፉን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲጉመጠመጥና አክታውን ሲጎትት ይሰማታል። መሀረቡን በማስመሪያ ጥላው መሄድ ትችል ነበር። ግን ታበዢዋለሽ የምትል እህት አለቻት፤ ትየው! ማሽኑን ከሥሩ ይዛ ከነመሀረቡ ቦርሳው ውስጥ ዘፈቀችው፣ ዚፑን ዘጋች፣ ወጣች።

እህቷ በሩን ስትከፍት “ነይ ተመልከቺ ጉዴን!” ብላ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “አሁንም አበዛሁት በይኝ።”

እህቷ መሀረቡን በቆርቆሮ መቆንጠጫ ይዛ አወጣችው። ከበድ አለባት። ስትፈታው አራት ጥርስ ከነሮዝ ድዳቸው ፈገግ ብለው ወጡ። ከጥርሶቹ በሁለቱ መካከል የኦቾሎኒ ገለፈት ተሰክቷል።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!” አለች እህቷ ሆዷን ይዛ። “ባልሽን ትተሽ ጥርሱን ይዘሽ መጣሽ?” ሳቋ አላቆም ብሏት መሬት ተቀመጠች። አራሚዋ ወደ መታጠቢያው ሮጣ ያልበላችውን ሁሉ አወጣች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ባለማይኩ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ ደርሶበታል፣ ያለ ጥርስ ደግሞ ማይክ ፊት አይቆምም። ደጃፉ ላይ ቆሞ በእጁ አፉን ሸፍኗል። አፍህን ሸፍን ስትለው ስንት ዓመቷ፣ አንድ ቀን ሰምቷት አያውቅም። አሁን ሸፍኗል። ያ ድምፁም የለም፣ ንፋስ ብቻ ነው የሚወጣው።

“ሲበርድ ድዴን ያመኛል” አለ። “ጥርሱ ላዩ ላይ ቢያድር ጠዋት ሞቅ ይልልኛል ብዬ ነው።”

“ምለህልኝ ነበር።”

“ጥርሱን እኮ ማሽኑ ላይ አላስቀመጥኩም! መሀረቡ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ማሽኑ እንዳይቆሽሽብሽ ብዬ።”

እውነቱን ነው። በሱ ቤት ተጠንቅቋል ሰውየው! አራሚዋ ዓይኑን ስታየው አሳዘናት። አንድ ቃል ቢጨምር፣ እንዲያው ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ፣ ቦርሳዋን አንስታ አብራው ትመለስ ነበር።

ጥርሱን በመቆንጠጫው ዘረጋችለት። ተቀበለ፣ ገለፈቱን በጥፍሩ ፈልቅቆ ደጃፉ ላይ ጣለ፣ ጥርሱን በሱሪው ጠረገ፣ ዙሪያውን ላስ አደረገና ጎረሰው። ወዲያው ያ ድምፅ፣ አውቶቡስ ያስጣላት ድምፅ፣ ተመለሰ።

“እንሂድ የኔ እመቤት?”

“ማሽኑ እዚህ ነው የሚቀረው።”

“አንቺስ?”

“እኔም ከማሽኑ ጋር።”

ሰዓቱን አየ፣ ሄደ። አራሚዋ ማሽኑን በአልኮል ደጋግማ ጠረገችው፣ ሰካችው፣ ነካችው። ተነሳ። የእህቷ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ የጀመረችውን ገጽ ከፈተች።

ከጣቢያው በኩል ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። “ውድ ተሳፋሪዎቻችን፣ እንደምን አደራችሁ!” ድምፁ በመስኮቱ ሰተት ብሎ ገባ፣ እንደ ድሮው ሙሉ፣ እንደ ድሮው ለስላሳ። እህቷ ሥራዋን ትታ አየቻት። አራሚዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው።