ሸሽቶ የማያውቀው መከታ

ወንድሜን በሰው ፊት አላማውም። ብቻዬን ስሆን ግን፣ ስፌት መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር እሱን ነው የምረግመው። ይኸው፣ አሁንም ተበጠሰ።

ነገሩ የጌም ነው። አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እግሩ ቀስ በቀስ መለስ አለለት፣ ምላሱም ትንሽ እየተጎተተም ቢሆን ተፈታ። ግራ እጁ ግን ብርድ ልብሱ ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ቀረ። ቤት እየመጣች እጁን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት እንዲጨምቃት ብላ የጎማ ኳስ ሰጠችው። በደህናው እጁ አንስቶ ቁምሳጥኑ ላይ ወረወራት። «ኳስ ለሕፃን ስጪ!» አላት። እሷም ደግ ናት፣ ሳቀች።

ያኔ ነው ወንድሜ ያን የእጅ ጌም ይዞ የመጣው። ሞባይል ቤት ነው የሚሠራው፣ ከሥራ ውጪ ደግሞ ጌም ነው ኑሮው፤ ውድድር ምናምን ይገባል። «አባዬ፣ ይሄ ኳስ አይደለም፣ ጦርነት ነው» ብሎ እጁ ላይ አስቀመጠለት። የግራው አውራ ጣት አራቱን ቀስቶች ይገፋል፣ የቀኙ «እሺ» የሚለውን ይጫናል። ምስጋናውን አልነፍገውም፣ ያመጣው እሱ ነው። አምጥቶም ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔና የአባዬ ነው።

ጌሙ ውስጥ አንድ እንቁላል ነበር። ሲፈለፈል የፍየል ግልገል የሚያክል ነገር ወጣ፤ በሁለት እግሩ የቆመ፣ የፊት ሰኮናዎቹን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ወገቡን በነጭ ቀበቶ ጥብቅ ያደረገ። በጌሙ ቶንዱር ይባላል። ካራቴ ነው የሚማታው። ከመማታቱ በፊት ግን እጅ ይነሳል፤ ጠላቱ ተራራ ቢያክልም ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳና «ሁ-ሃ!» ይላል። አባዬ ይቺን እጅ መንሳት ሲያይ በቃ፣ ልቡ ሄደ። «ባለጌ አይደለም» አለ።

ጌሙ ስም አውጡለት ሲል እኔ ሾርባ እያጎረስኩት ነበር። ማንኪያውን አስቀምጬ ጠበቅኩ። አባዬ ትንሽ አሰበና «መከታ በይው» አለኝ። መከታ ማለት ወንድሜ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አባዬ የሚጠራው «መከታዬ» እያለ ነው። እኔን? እኔ «አንቺ ልጅ» ነኝ። የማጥበው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ፣ የማጎርሰው እኔ፣ ስሙ ግን ለሱ። ሆድ ባሰኝ፣ አልዋሽም። ግን ጻፍኩለት።

እንዲህ ሆነን ከረምን። እኔ መስኮቱ ሥር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ እሱ አልጋው ላይ ይዋጋል። ግራና ቀኝ የሚሉት ቀስቶች ቶሎ ታዘዙት። ወደ ላይም መጣለት። ወደ ታች ግን እምቢ አለ። አውራ ጣቱ ወደ ታች መታጠፍ አለበት፣ አይታጠፍም፤ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ፊዚዮቴራፒስቷ «የመጨረሻ የሚመጣው እሱ ነው፣ እንዳትጫኚለት» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ፍልሚያ ሲጀመር ምርጫ ይመጣል፤ ምታ፣ ተከላከል፣ ቀይር፣ ሽሽ። ሦስቱ ከላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሽሽ ብቻዋን ከታች ናት። ስለዚህ አባዬ መሸሽ አይችልም። ቤት የሚያክል አውሬ መንገድ ላይ ሲገጥመው ሌላው ተጫዋች እግሬ አውጪኝ ይላል፤ የኛ ግልገል ግን እጅ ይነሳና ይገባል። ይደበደባል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይገባል።

«ሽሽ እንጂ አባዬ! ገደለው እኮ!» እላለሁ ከመኪናዬ ላይ እየጮህኩ።

«በምን ልሽሽ? ታች አይወርድልኝም!»

ሁለታችንም እንስቃለን፤ እሱ በግማሽ ፊቱ፣ እኔ በሙሉ። የዚያን ጊዜ ያህል ከአባዬ ጋር ስቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ብቻ ወረደለት። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ልክ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሹፌር ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋና ጠቋሚዋ አንድ እርምጃ ወደ ታች ዘለለች። ከመደንገጡ የተነሳ ጌሙን ጣለው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እምቢ። ግን መጥታ ነበር፣ ሁለታችንም አይተናታል።

ግልገሉ አድጎ ቡናማ ቀበቶ ታጠቀ። ጥቁሩ ብቻ ቀረው። ጥቁር ቀበቶ ግን በመዋጋት ብዛት አይገኝም፤ ቶንዱር ወደ ሌላ ተጫዋች ጌም ሄዶ፣ ሌላ ቤት እጅ ነስቶ መምጣት አለበት። በሰው እጅ ካላለፈ አይለወጥም። የተጫዋቾች ደንብ ደግሞ አለ፤ ትልክለታለህ፣ እዚያ ይለወጣል፣ ወዲያው ይመልስልሃል። አስቀርቶ የሚሄድ የለም። ሌባ እንኳን አያስቀርም ይባላል።

ሌላ ጌም ያለው የምናውቀው ሰው ማነው? ወንድሜ። ደወልኩለት፣ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የአባዬን ጌም ሲከፍት ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባዬ፣ ይሄ አንዴም አልሸሸም እንዴ?»

«በምን ይሽሽ» አለ አባዬ።

«እናንተ ምን እንዳላችሁ አታውቁም!» ከአልጋው ብድግ አለ። ከፍልሚያ ሸሽቶ የማያውቅ ቶንዱር የተደበቀ ኃይል አለው አሉ። ግን ማን ይታገሣል? የትኛውም ተጫዋች ጨንቆት አንድ ቀን ሽሽን ይጫናል፣ ያቺ ኃይል በዚያው ትቀራለች። የአባዬ ሽባ ጣት ናት ያንን ፍየል ጀግና ያደረገችው። አባዬ ይሄን ሲሰማ ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ አየው፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

ሁለቱን ጌሞች ጎን ለጎን አስቀመጡ። የኛ ሄደ። በምትኩ ወንድሜ የማይረባ ትል ላከልን፤ ለቅጽበት መያዣ ናት። የወንድሜ ስክሪን ላይ ብርሃን ቦግ አለ፣ ቶንዱሩ ተነሳ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ታጠፈ፣ ጥቁሩ ቀበቶ ወገቡ ላይ ዞረ። ዝቅ ብሎም እጅ ነሳ። አባዬ አለቀሰ። እኔም።

«በል መልሰው» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ።

«ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። መሀል ላይ ቢጠፋ ይበላሻል። ቻርጅ አድርጌ ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ የአባዬን ግንባር ስሞ ወጣ።

ነገ መጣ፣ ሄደ። እሱ የለም። «መከታ መጣ?» ይላል አባዬ ጠዋት ገና ሳይታጠብ። «ሥራ በዝቶበት ነው አባዬ።» ስደውል አያነሳም። ሲያነሳ ደግሞ ምላሱ ቅቤ ነው፤ «እሁድ እመጣለሁ እህቴ፣ በእናታችን አፈር።» እሁድ ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ ሞባይል ቤቱ ድረስ ሄድኩና ደንበኛ ፊት ያዝኩት።

«ውድድር አለብኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከዚያ ብቻ። አባዬ ምን ያደርግለታል? አልጋ ላይ ሆኖ! እኔ ጋ ሰው ያየዋል።»

«እጁን የሚያንቀሳቅሰው እኮ በሱ ነው!»

«ትሏ አለች አይደል? ትሏን ያጫውት። ደግሞ ጌም ነው፣ አታካብጂ። ያመጣሁለትስ እኔ አይደለሁ?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው እንዲህ ያለኝ። ደሜ ፈላ። መስታወቱን በቡጢ ብለው ደስ ባለኝ፤ ግን ጣቶቼ እንጀራዬ ናቸው፣ ወጣሁ።

አባዬ ትሏን አልነካም። ጌሙ ትራሱ ሥር ገባ፣ ግራ እጁም ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ጣቱን ስታጥፈው «ምነው? እየደረቀ ነው እኮ!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ከቀጠለ የመጣውም ይሄዳል አለችኝ በር ላይ። ለአባዬ እውነቱን አልነገርኩትም፤ ልጅህ ነጠቀህ ብዬ በየት አፌ ልንገረው?

ራሱ አየው። ውድድሩ በስልክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ አባዬ «የመከታዬን ክፈቺልኝ» አለኝ። እምቢ ልል አልቻልኩም። ስልኩን ትራስ ላይ አቆምኩለት። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ ወንድሜ አዲስ ጃኬት ለብሷል። ከዚያ የኛ ቶንዱር ወጣ። ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፏል፤ ስም ያወጣለት አባዬ ስለሆነ ከሱ በቀር ማንም ሊቀይረው አይችልም። መከታ። እጅ ነሳ። አባዬ ትራሱ ላይ ቀና አለ።

ፍየሉ እምቢ ቢለው ብዬ ጸለይኩ፣ እግዜር ይይልኝ። አላለም። ምታ ሲለው መታ፣ ተከላከል ሲለው ተከላከለ፣ ተጋጣሚዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበረ ጣላቸው። ለባዕድ እንዲህ ይታዘዛል? በፍየሉም ተቀየምኩ። የሌለ ነገር ላይ ነው የተቀየምኩት፣ አውቃለሁ፣ ግን አንጀቴ አረረ።

ወንድሜ አሸነፈ። ዋንጫ ሰጡት። ጠያቂው ማይክሮፎን ደቅኖ «ሸሽቶ የማያውቅ ቶንዱር ስናይ የመጀመሪያችን ነው። እንዴት አሳደግከው?» አለው።

ወንድሜ ሁለት መዳፎቹን ለካሜራው ዘረጋ። «በእነዚህ እጆቼ» አለ አፉን ሞልቶ። «በትዕግሥት። ማንም አላገዘኝም።»

ወደ አባዬ መዞር ፈራሁ። ስዞር ግራ እጁን እያየ ነበር። ስልኩን ላጠፋው ብድግ ስል «ተይው» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጡረታ ሲወጣ፣ እናቴን ስንቀብር፣ ግማሽ ጎኑ ሲከዳው እንኳን እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

እሁድ ወንድሜ ራሱ መጣ፤ ሳይጠራ! ዋንጫውን ታቅፎ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ። ቅዳሜ ትልቁ ውድድር ነው አሉ፣ ለሱ ማስታወቂያ ቪዲዮ ይፈልጋል። ሻምፒዮኑና ታማሚ አባቱ። ስፌቴን አቋርጬ ቆምኩ፣ መቀሱን በእጄ እንደያዝኩ።

«አባዬ፣ ይኸው መከታህ! ያዘው፣ ተጫወት፣ እኔ እቀርጻለሁ» ብሎ የራሱን ጌም ሁለት እጁ ላይ አስቀመጠለት። «እንዲያውም ዛሬ ይዞት ይዋል፣ አየሽ አንቺ?» አለኝ። ስልኩን ወደ አባዬ ደገነ።

አባዬ ስክሪኑን አየ። ቶንዱሩ እጅ ነሳለት። አባዬም አንገቱን ዝቅ አደረገለት፣ በደንብ ነው ያየሁት። ከዚያ የቀኝ ጣቱ ተጫነ። ምርጫዎች መጡ። ወንድሜ ፊቱን ለመቅረጽ ብሎ ወዲያ ማዶ ነበር፣ ስክሪኑን አያይም። እኔ አያለሁ። የመጨረሻዋ ምርጫ «ልቀቀው» ናት። የተለቀቀ አይመለስም፤ አባዬም ያውቃል፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ ቀን ያነበብኩለት።

የምላሱ ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ብቅ አለች።

አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ታጠፈ፣ ገፋ። ጠቋሚዋ ወረደች። ደግሞ ወረደች። ደግሞ። ጌሙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀ፤ «አይደለሁም» ከላይ፣ «ነኝ» ከታች። ማስቆም እችል ነበር። አላስቆምኩም። አንድ ጊዜ ደግሞ ወረደች፣ ቀኝ ጣቱም ተጫነ።

ቶንዱሩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፣ ጀርባውን ሰጠ፣ ወደ ሣሩ ውስጥ ገባ። ስክሪኑ ላይ «ደህና ሁን፣ መከታ» የሚል ጽሑፍ ቀረ።

ወንድሜ የጌሙን የስንብት ድምፅ ሲሰማ ነው ስልኩን ጥሎ የዘለለው። ጌሙን ነጠቀ፣ ቁልፎቹን ቀጠቀጠ፣ አጥፍቶ አበራ። ባዶ። «ተሳስቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እጁ ተንቀጥቅጦ ነው! በይ እንጂ አንቺ፣ ተሳስቶ ነው አይደል?» ፊቱ አመድ መስሏል። ሊያለቅስ ነው። አንጀቴ ራሰ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን አልራሰም፤ ያ ፍየል የኔም ነበር።

አባዬ እሱን አላየውም። ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ አውራ ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«አንቺ ልጅ» አለኝ። «አየሽው? ታች ወረደልኝ። ስትመጣ ለባለኳሷ ሴትዮ ንገሪልኝ።»