የአቶ ባን መኪና በማን ስም ይሁን

ፒዮ ዶንግሺክ ሦስተኛውን ወረቀት እስኪያይ ድረስ ቀኑ የሰላም ቀን ነበር።

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሶል የሊፍት መጥሪያ ቁልፍ የሚያመርት ድርጅት ባለቤት የሆኑትን አቶ ባንን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ጥቁሩ መኪናቸው አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ማርሹ ማስቸገር ሲጀምር፣ አቶ ባን «ከአንተ በላይ መኪና የሚያውቅ የለም። አዲሱን የጀርመን መኪና በምን መንገድ ብንወስደው እንደሚሻል ጠይቀህ አምጣልኝ» ብለው ላኩት። ፒዮ እንዲህ ያለ አደራ ሲጣልበት ደረቱ ይነፋል። ክራባቱን አስተካክሎ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ራሱ ሊገዛ የመጣ ይመስል እየተንጎራደደ የመኪና ማሳያው አዳራሽ ገባ።

የተቀበለችው ሃሪም የምትባል የሊዝና የኪራይ ድርጅት ወኪል ናት። ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ አፏ አያርፍም። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት።

«ይኸውልዎ ጋሼ፣ አንደኛው ሊዝ ነው። ድርጅቱ በየወሩ እየከፈለ አራት ዓመት ይጠቀምበታል። ከዚያ ወይ ይመልሰዋል፣ ወይ ቀሪውን ዋጋ ከፍሎ ያስቀረዋል። ወርሃዊው ቀለል ይላል፣ ከግብርም ይቀነስላቸዋል። ሁለተኛው የባንክ ብድር ነው። እሱ በእኛ በኩል አይደለም፣ ለማነጻጸሪያ ነው ያመጣሁልዎ። ወሩ ይከብዳል፣ ግን መኪናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሳቸው ነው።»

«በማን ስም?»

«በግል ስማቸው። ታርጋውም ነጭ ይሆናል። በድርጅት ስም ከሆነ ግን፣ ያው ያውቁታል።»

ያውቀዋል። ከአምና ወዲህ ከሰማንያ ሚሊዮን ዎን በላይ የሚያወጣ የድርጅት መኪና ሁሉ አረንጓዴ ታርጋ ይለጥፋል። ሕጉ የወጣው አለቆች በድርጅት ገንዘብ የያዙትን መኪና ለጎልፍና ለሚስት ገበያ እንዳያውሉት ነው ይባላል። አለቆቹ መሄዱን አልተዉም። ማፈር ብቻ ጀመሩ።

«ሦስተኛውስ?»

«እሱማ ቆንጆው ነው!» አለች ሃሪም ወንበሯን ወደ እሱ እየሳበች። «የረጅም ጊዜ ኪራይ። ጎማው፣ ሰርቪሱ፣ ግብሩ፣ ሁሉም በእኛ። እንዲያውም ከነሹፌሩ ነው የምንሰጠው! ወጣቶች ናቸው፣ ሥልጠና የወሰዱ። አንዱ ቢታመም ሌላ እንልካለን። የሹፌር ደሞዝ የለ፣ ጡረታ የለ፣ የዕረፍት ፈቃድ የለ። አንድ ላይ ሲደመር ከሁለቱም ይረክሳል። አለቃዎ ይህን ካዩ ሌላውን ዞር ብለውም አያዩት።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ለመሆኑ እርስዎ በድርጅቱ ምንድን ነዎት?»

«ሹፌር።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ» አለች። ከዚያ ሦስተኛውን ወረቀት ቀስ ብላ ከሁለቱ ሥር ሸጎጠችው።

ፒዮ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። የመንግሥት ጡረታው የሚጀምረው ስልሳ አራት ሲሞላ ነው። መሐል ላይ አምስት ዓመት አለ፣ እንደ ገደል የተከፈተ። አለቃው ሲሞቱበት ከሥራ የወጣ አንድ የሹፌር ጓደኛውን ያውቃል። አሁን ሊፍት በሌላቸው አሮጌ ፎቆች ደረጃ ላይ የሰው ዕቃ ተሸክሞ ይወጣል ይወርዳል፤ ጉልበቱ አብጦ በፋሻ አስሮታል። ፒዮ ያንን ጉልበት አስታውሶ የራሱን ጉልበት በእጁ ዳሰሰ። ፈራ። ትልቅ ሰው እንደሚፈራው ሳይሆን፣ ልጅ እንደሚፈራው ፈራ።

ሚስቱ ሚኦክ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። አመሻሽ ላይ ኪምቺ ከሚሉት ከኮመጠጠ ጎመን የተሠራው ወጥ መሐላቸው እየፈላ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት። እሷ ማንኪያዋን አላስቀመጠችም።

«ሦስቱንም ስጣቸው» አለች።

«አብደሻል እንዴ? የገዛ አንገቴን ላቀርብላቸው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነድተሃቸዋል አይደል? የእናታቸው ቀብር ላይ ሦስት ቀን ጫማህን ሳታወልቅ ቆመሃል። ሰውዬው ሰው ከሆኑ አያባርሩህም።»

«ካልሆኑስ?»

«ካልሆኑማ ብትደብቀውም አይሆኑም። አንተ ሰውዬ፣ ቢያንስ ፊት ለፊት ንገራቸው። ‹ይሄኛው እኔን ያስወጣኛል፣ እባክዎ› በላቸው። አፍ የለህም?»

አፍስ ነበረው። ግን በዚያ አፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እሺ ጋሼ» እና «ደርሰናል ጋሼ» ከማለት በቀር ስለ ራሱ አንድም ነገር ለምኖ አያውቅም። ይህን ለሚኦክ እንዴት ያስረዳታል? ወጡን አቀርቅሮ በላና ቀድሟት ተኛ። እንቅልፍ ግን አልመጣም፤ ሲያሰላ አደረ። ሦስተኛውን ወረቀት ይደብቃል፣ ይህ ቁርጥ ነው። ግን ሊዙን ቢመርጡስ? ሊዝ የሚፈረመው ከሃሪም ጋር ነው። ሃሪም ቢሮ ድረስ ትመጣለች፣ ሻይ ይቀርብላታል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ከነሹፌሩ» የምትለዋን ቃል ታመጣለች። ስለዚህ ሃሪም ጭራሽ ደጁን እንዳትረግጥ ማድረግ አለበት። የሚቀረው የባንክ ብድሩ ነው። አቶ ባን በግል ስማቸው ይገዛሉ፣ ከባንኩ ጋር ይጨርሳሉ፣ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እንዴት አድርጎ ወደዚያ እንደሚነዳቸውም ያውቅ ነበር። ሰውየውን ከእሱ በላይ ማን ያውቃቸዋል?

በማግስቱ ጠዋት አቶ ባን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አጠለቁ። «እስቲ አምጣ» አሉት። ፒዮ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሁለት ወረቀት ወደ ኋላ አቀበላቸው። ሦስተኛው ኮቱ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር።

«ሁለት ብቻ ነው?»

«ሁለት ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ። መስታወቱ ውስጥ ፊቱ እንዳይታይ አንገቱን ወደ መስኮቱ መለስ አደረገ።

አቶ ባን ወረቀቶቹን እያገላበጡ አጉተመተሙ። «ሊዙ ነው የሚያዋጣው። አራት ዓመት እንነዳና እንመልሳለን። እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የራሴ ቢሆን ምን ይጠቅመኛል?»

ፒዮ ዓይኑን ከመብራቱ ላይ አላነሳም። «ልክ ነዎት» አለ ቀስ ብሎ። «ታርጋው ብቻ ነው ነገሩ።»

«ምን ሆነ ታርጋው?»

«አረንጓዴ ነዋ። ባለፈው እሑድ ጎልፍ ሜዳው ላይ እርስዎን ስጠብቅ ሹፌሮቹ ምን ይሉ እንደነበር ቢሰሙ! አንድ አረንጓዴ ታርጋ በገባ ቁጥር ‹ሰላጣው መጣ› ይላሉ። ‹የሠራተኛ ላብ ነድቶ መጣ› ይላሉ። የሹፌር ወሬ ነው ብለው ይተዉት እንጂ፣ ሹፌር ደግሞ ከአለቃው ነው የሚሰማው።»

ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹን እዚያው መብራቱ ላይ ፈጠረው። የአቶ ባን ጆሮ ሲቀላ ፒዮ በመስታወቱ አየ። የእኚህ ሰው ደካማ ጎናቸው ይሄው ነው። ከኪሳቸው ቢወሰድባቸው ይችሉታል፤ በሰው ፊት መዋረድን ግን አይችሉም።

«የድሮ ጓደኞቼ እዚያ አሉ» አሉ።

«አሉ ጋሼ።»

«ሰላጣ!» አሉ፣ እየተናደዱ። ሊዙን አጥፈው ወንበሩ ላይ ጣሉት። «በስሜ ይሁን። ነጭ ይሁን። ስንትም ቢሆን።»

ፒዮ ያን ቀን አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቢሮ ሲደርሱ በሩን ከፍቶላቸው ከወትሮው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ከሰዓት በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሦስተኛውን ወረቀት ቀዳደደና ውኃ ለቀቀበት። አመሻሽ ላይ ለሚኦክ «አለቀ፣ ተረፍን» ሲላት፣ እሷ «ምን አድርገህ?» ብላ አየችው እንጂ አልሳቀችም።

መኪናው በአምስተኛው ሳምንት መጣ፤ መቶ ስልሳ ሚሊዮን ዎን የወጣበት፣ ጥቁር፣ አቧራ ያልነካው። በአገሩ ልማድ አዲስ መኪና መሥዋዕት ሳይቀርብለት አይነዳም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የተቀቀለ የአሳማ ጭንቅላት ተቀመጠ። ሁሉም በየተራው እየሰገደ አሳማው አፍ ውስጥ ገንዘብ ሻጠ። ፒዮ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ሰገደና ሃምሳ ሺህ ዎን አስገባ። ለሹፌር ኪስ ብዙ ነው፣ ግን ይህ ሰው የሚሰግደው ለመኪና አልነበረም። ለመልካም ዕድል በነጭ ክር የተጠቀለለውን ደረቅ ዓሣ ኮፈኑ ሥር ያስቀመጠው እሱ ነው፤ የሩዝ ጠላውን በአራቱም ጎማ ላይ ያፈሰሰውም እሱ ነው። «ያለ አደጋ ያዝልቀን» እያለ አፈሰሰ። ሠራተኛው አጨበጨበ።

ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ቆመ።

አቶ ባን በጎን አልፈውት ሄዱ። የሹፌሩን በር ራሳቸው ከፍተው መሪውን ያዙ። ፒዮ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ሊነዱኝ ነው እንዴ?»

መልስ የሰጡት በሌላኛው በር ገብተው ከአቶ ባን ጎን የተቀመጡት ሚስታቸው ናቸው። መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ድምፃቸው እንኳ የሚያዝን ድምፅ ነበር።

«ፒዮ፣ የሂሳብ ክፍሉ አልነገረህም እንዴ? ዛሬ ጠዋት ይነግሩሃል ብለን ነበር።»

«ምኑን እትዬ?»

«መኪናው የድርጅቱ አይደለም እኮ። የግል መኪና ለሚነዳ ሰው ድርጅቱ ደሞዝ መክፈል አይችልም አሉ፤ ግብር መሥሪያ ቤቱ ቢያይ ጉድ ይፈላል አሉ። በእኛ ኪስ ደግሞ የባንኩ ወርሃዊ ራሱ ከበደን። ኢንሹራንሱንም ባልና ሚስት ብቻ የሚነዱበትን ርካሹን ነው የገባነው። አንተ ብትነዳውና አደጋ ቢደርስ አንድ ዎን አይከፍሉም።»

«ኢንሹራንሱ ላይ ጨምሩኛ!» አለ ፒዮ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ልዩነቱን ከደሞዜ ቁረጡት! በግማሽ ደሞዝ እነዳለሁ። ጋሼ! በግማሽ!»

አቶ ባን መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር። «የድርጅቱ ቢሆን ኖሮማ ምን ችግር ነበረው» አሉ ሳያዩት። «አሮጌውን ትነዳው እንደነበረው እስከ ጡረታህ ትነዳው ነበር። እኔም አስቤው ነበር። ግን ያ ታርጋ...»

ፒዮ ሆን ብሎ ይሁን ወድቆ አልታወቀም፣ የሩዝ ጠላው ባራሰው አስፋልት ላይ በሁለቱም ጉልበቱ ተንበረከከ፣ መኪናው አፍንጫ ሥር። ጭብጨባው ቆመ። አርባ ሠራተኛ አየው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሱ መለመን ጀመረ፤ ቃላቱ ግን መልክ አልነበራቸውም። «አምስት ዓመት ብቻ... አምስት ዓመት ብቻ ጋሼ...»

«ተነስ!» አሉ አቶ ባን፤ ጆሯቸው ደም መስሏል። «ሰው እያየ! ምን አድርጌህ ነው የምታዋርደኝ? ተነስ እባክህ!»

መስኮቱ ተዘጋ። ከውስጥ ሴትዮዋ በእጃቸው፣ ከመንገድ እንደሚያስነሱት ሰው ሳይሆን እንደሚለምኑት ሰው፣ ፈቀቅ እንዲል አመለከቱት።

ፒዮ ተነሳ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ረጥቧል። አቶ ባን ሃያ ሁለት ዓመት መሪ አልያዙም፤ መኪናው ወደ ፊት ዘለለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ዘለለ። የግቢው በር ጠባብ ነው፣ የግራው ምሰሶ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋል። ፒዮ ሳያስበው ከፊት ቀድሞ ሮጠ። «ይምጡ! ይምጡ! ትንሽ ወደ ቀኝ... በቃ፣ ቀጥ ይበሉ!» እያለ በሁለት እጁ እየመራ አወጣቸው። አንዲት ጭረት ሳትነካው ጥቁሩ መኪና አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ።

መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ ፒዮ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ስልኩ ይጮህ ነበር፤ ሚኦክ ናት። ማን አባረረህ ብትለው የሚሰጣት ስም ፈለገ። ከራሱ በቀር አላገኘም፤ ስልኩም እየጮኸ ቆየ።