ሁለት ናፍጣ፣ አንድ ቁልቁለት

ሾፌሩና የሚስቱ ወንድም በናፍጣ ነገር ሲነታረኩ ከረሙ። ሾፌሩ «የላይኛው ማደያ ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ቶሎም አያልቅም» ይላል፤ አማቹ ደግሞ ከታችኛው ማደያ ወዲያ ላሳር። በመጨረሻ በአንድ መኪና፣ በአንድ መንገድ ሊፈትኑት ተስማሙ። ትናንት አማቹ በታችኛው ናፍጣ ነዳ። የሾፌሩንም ልጆች «ይናፈሱ» ብሎ ከኋላ ጭኗቸው ነበር። መኪናዋ የጠጣችው ናፍጣ ለጉድ ትንሽ ሆነ።

ዛሬ ተራው የሾፌሩ ነው፤ አማቹ ለምስክርነት ጎኑ ተቀምጧል። መሸነፍ ሞቱ የሆነው ሾፌር ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ ናፍጣ ለመቆጠብ ሞተሩን እልም አድርጎ አጠፋው። አማቹ «ምን ሆነ?» እንኳ አላለም፤ መስኮት መስኮቱን ያያል።

መኪናዋ በራሷ ክብደት ተንደረደረች። ከመታጠፊያው በታች አንድ የጭነት መኪና እያዘገመ ይወርዳል። ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ ሞተሩ ጠፍቷልና ፍሬኑ ድንጋይ ሆነበት። መሪው አልታዘዝ አለው። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ፣ ፍሬኑም ያዘ። ከጭነት መኪናው ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ።

ዳር ይዘው ቆሙ።

«ሞተሩን ሳጠፋው ምነው ዝም አልክ?» አለ ሾፌሩ።

አማቹ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «በምን አፌ ልናገርህ? እኔም ትናንት እዚሁ ላይ አጥፍቼ ነው የወረድኩት።»

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ባዶው ወንበር ላይ ልጆቹ ትናንት የበተኑት የብስኩት ፍርፋሪ ነበር።