ዝም ያለው ልጅ

ባሏ ከሞተ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ሥራ ላይ ሳለች ብዙ አታወራም። ስፒሎቹን በከንፈሮቿ መካከል ደርድራ ትይዛለች፤ ስፒል የያዘ አፍ ሲያጽናኑት መልስ አይጠበቅበትም። አባቱን ያላየው ሕፃን ደግሞ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ወተት የሌለውን ማባበያ ጡጦ ይጠባል። በነቃ ቁጥር እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሣ ጎንበስ ብላ ታጎርሰዋለች። እሱም ጥቂት ጠብቶ መልሶ ይተኛል።

“ይሄስ ዳኛ ነው የሚሆነው፤ ሁሉን ሰምቶ ዝም!” አለች ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ።

“ምን ዳኛ!” አሉ የልብስ ሰፊዋ አማት ከጓዳ። “እንደ ጠርሙስ ወትፋው እንጂ! ካላለቀሰ ማን ያጠባዋል?”

“እማማ፣ ሠርጉ ቅዳሜ ነው። እሱ ዝም ሲልልኝ ነው እጄ የሚፈታው” አለች ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን እንደያዘች።

በማግስቱ ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ መዘነችው፤ አነሣችና እንደገና መዘነችው።

“ካለፈው ቀንሷል። ይጠባል?”

“ምንም አያስቸግረኝም። ዝምተኛ ነው።”

“እህቴ፣ ዝምታውን አልጠየቅሁሽም።”

ነርሷ ማባበያውን ከአፉ አወጣችው። ሕፃኑ ጣቶቹን ጎረሰ፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ አደረገ፣ ከዚያም አለቀሰ። ድምፁ የድመት ግልገል ያህል ቀጥኗል።

“ይሄ ራብ ነው። ጡት ሲፈልግ ባዶ ላስቲክ ጠብቶ ይደክመዋል፤ ደክሞት ሲተኛ አንቺ የጠገበ ይመስልሻል። ሳይጠባ ሲውል ወተትሽም ይቀንሳል። ቶሎ ቶሎ አጥቢውና ሰኞ አምጪው። ካልጨመረ ሆስፒታል እንልከዋለን።”

መንገዱን ሁሉ ፊቱን እያየች ተመለሰች። ቤቱ ውስጥ የሚያለቅስ ከሌለ እሷም ሐዘኗን የምትችለው መስሏት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ በርጩማ ላይ ቆማ ወገቧን ስታስጠብብ ቅርጫቱ ተንቀሳቀሰ። የልብስ ሰፊዋ እጅ እንደለመደው ወደ ማባበያው ሄደ፤ ነክቶትም ቆመ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካች።

“ወዴት ነው? ግማሹን ሰክተሽ?”

“እንዳትቀመጪ፣ ይወጋሻል።”

ልጁን ታቀፈችው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ አድርጎ ዓይኑ ተከደነ። ውስጥ እግሩን በመዳፏ አሸችው፤ ነቅቶ ጮኸ።

“እሰይ! አልቅስ የኔ ጌታ!” አሉ አማቷ ከጓዳ እየሮጡ።

“አልቅስ፣” አለችው እሷም። የስፒሎቹ ምልክት ከንፈሯ ላይ ገና አልጠፋም። እንደገና ጡቷን አጎረሰችው። አንድ ጊዜ ሲውጥ ሰማች። ሁለተኛውን ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።